ከድንቅነሽ አትጀምሩ፣ ከነጭ ዓሣው ጀምሩ

ባሕር ዳር ላይ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚፈራው አንድ ምዕራፍ አለ፤ ዝግመተ ለውጥ። ስሌቱ ከጄኔቲክስ ይቀላል፣ ቃላቱም ጥቂት ናቸው። የሚከብደው ሌላ ነው። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ማዕተብ ያሰሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላሉ፣ አልፎ አልፎም ቅኔ ቤት ደርሶ የተመለሰ ይገኛል። ምዕራፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ሳስተምረው አበላሸሁት፤ በዓመቱ ደግሞ በሌላ መንገድ አበላሸሁት። የራሴን ታሪክ አላበዛም። ነገ ጠዋት ጠመኔ ይዞ ለሚገባ መምህር የሚበጀው የት ላይ እንደሚበላሽ፣ ለምን እንደሚበላሽና በምን ቅደም ተከተል ቢሄድ እንደሚሻል ማወቁ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ከሰው መጀመር ነው። ሁላችንም የምናውቃት ሥዕል አለች፦ ጎንበስ ያለ ዝንጀሮ፣ ትንሽ ቀና ያለ፣ ከዚያ ጦር የያዘ፣ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው። ይህችን ሥዕል ሰሌዳ ላይ የለጠፈ መምህር ሁለት ጊዜ ይከስራል። አንደኛ፣ ሥዕሏ ራሷ ስሕተት ናት፤ ዝግመተ ለውጥ ቅርንጫፍ እንጂ መሰላል አይደለም። ሁለተኛ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ እርስዎ ያምኑበታል?» ከዚህች ጥያቄ በኋላ ትምህርቱ አለቀ፣ የቀረው ክርክር ነው። «አዎ» ካላችሁ ከሃዲ ናችሁ፤ «አላምንም» ካላችሁ ደግሞ ቀሪውን አራት ክፍለ ጊዜ ማን ይሰማችኋል? በዚያ ዓመት ፈተናው ላይ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄዎች በብዙ ወረቀት ላይ ባዷቸውን ነው የመጡት። ልጆቹ መልሱን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም። መጻፉ መፈረም መስሏቸው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ሽማግሌ ሆኖ ለማስታረቅ መሞከር። «በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው» የሚለውን የጴጥሮስን ቃል ጠቅሳችሁ ስድስቱን ቀን ልታስረዝሙ ስትሞክሩ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ይነሣል። «ቲቸር፣ ስድስት ቀን በሺህ ሲባዛ ስድስት ሺህ ነው። ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ብለውናል። ሒሳቡ አልመጣም።» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ልጁም ልክ ነው። ቃሉ የተነገረው ስለ አምላክ ትዕግሥት እንጂ ስለ ዘመን ቆጠራ አይደለም፤ ይህን ደግሞ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ትርጓሜ በዚህ አገር የራሱ ጉባኤ፣ የራሱ መምህር አለው። «አንድም» ለማለት ዓመታት ተቀምጠው የተማሩ ሰዎች ባሉበት ከተማ የባዮሎጂ መምህር አንድምታ ሲያወጣ ልጆቹን ከዳርዊን ይልቅ ይህ ያስቆጣቸዋል።

ተማሪዎቹ ይዘውት የሚገቡትን በትክክል ማወቅ ግን ግዴታ ነው። ብዙ መምህር «እምነት አላቸው» ብሎ በጅምላ ያልፈዋል፤ እነሱ ግን በቁጥር ነው የያዙት። በሥነ ፍጥረት ትምህርት በስድስቱ ቀን የተፈጠሩት 22 ፍጥረታት ናቸው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ በየዕለቱ ከፋፍሎ ይጠራቸዋል። የባሕረ ሐሳብ ስሌት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ 2017 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7,517 ነው። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ይህ ቁጥር ይነገራል። እናንተ «ሚሊዮን ዓመት» ስትሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ነው የምትጋጩት። ግጭቱ የለም ብሎ መሸፈን አያዋጣም፤ መጀመሪያ ቀን ላይ ማፈንዳትም አያስፈልግም።

አሁን የምጀምረው ሰሌዳውን በአራት ዓምድ በመክፈል ነው። አንደኛው፦ ሕይወት መጀመሪያ እንዴት ተገኘ? ሁለተኛው፦ ሕያዋን በዘመን ብዛት ተለውጠዋል ወይ? ሦስተኛው፦ ከተለወጡ በምን መንገድ? አራተኛው፦ ይህ ሁሉ ለምን ሆነ፣ ከኋላውስ ማን አለ? ከዚያ ልጆቹ የልባቸውን ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ላይ ስም ሳይጽፉ ይጽፉና እኛ ወደየዓምዱ እናከፋፍላለን። የሚበዛው አራተኛው ላይ ይከመራል፤ ቀጥሎ አንደኛው ላይ። ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ማለትም የምዕራፉ ዋና አካል፣ ባዶ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ይህን ራሳቸው በዓይናቸው ሲያዩት ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ነው፤ ስለ አንደኛው አይደለም። መማሪያ መጽሐፋችን ልዩ ፍጥረትን፣ ድንገተኛ መገኘትንና ኬሚካላዊ አመጣጥን በተርታ ደርድሮ ወዲያው ወደ ዳርዊን ስለሚሻገር ልጆቹ ሁሉንም አንድ ላይ ይቋጥሩታል። አራተኛውን ዓምድ በተመለከተ የምለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ይህንን የሚለካ መሣሪያ ባዮሎጂ ቤት የለም።» ዓምዱ ግን አይጠፋም። ምዕራፉ እስኪያልቅ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይቆያል። የሰረዙት ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ የተሰቀለ ጥያቄ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ስለ ቃላት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ጥፋት እዚህ ነው የተቀበረው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማስረዳቱ በአማርኛ ነው፤ አማርኛችን ደግሞ ሦስት ቦታ ላይ ያደናቅፋል። «ንድፈ ሐሳብ» ስንል ልጁ የሚሰማው «ሐሳብ» የሚለውን ብቻ ነው፤ «እንዲያው ሐሳብ ነው እንጂ እውነት አይደለም» ይላል። በሽታ የሚመጣው በረቂቅ ተሕዋስያን ነው የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው በሉት፤ ለዚያ ግን እጁን ይታጠባል። ሁለተኛው «ተላመደ» ነው። እኛ ቤት መላመድ ማለት አንድ ሰው ባሕር ዳር መጥቶ ሙቀቱን መልመዱ ነው። «ዓሣው ተላመደ» ስትሉ ልጁ የሚያየው አንዱ ዓሣ አፉን እያሰፋ ሲሄድ ነው። አንዱ ዓሣ አይለወጥም። አፈ ሰፊው በላ፣ ወለደ፣ ልጆቹም አፈ ሰፊ ሆኑ፤ ጠባቡ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሳይወልድ አለፈ። ቃሉን ከምትተረጉሙ ይህን ሁለት መስመር በግሥ ተናገሩት። ሦስተኛው «ብርቱው ይኖራል» የሚለው ነው፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዓሣው። ጣና ዳር ያለ መምህር በእጁ ያለውን አያውቀውም። እኛ «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ በሳይንሱ ሌቢዮባርበስ የሚባለው ወገን፣ ጣና ውስጥ ብቻ 15 ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። ጠባብ አፍ፣ ሰፊ አፍ፣ ሾጣጣ አፍንጫ፣ ወፍራም ከንፈር፣ ትንሽ ራስ፣ ትከሻው ላይ ጉብ ያለ፤ ሁሉም በአንድ ሐይቅ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው፤ ይህ ደግሞ በጣም እንግዳ ነገር ነው። የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጨጓራም የላቸውም፤ ዓሣ አዳኝ ለመሆን የተመቹ አይደሉም። ታዲያ እንዴት ሆኑ? ሐይቁ ተቆልፏል። ከታች ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ፏፏቴውን ወጥቶ አይመጣም። ጣና ውስጥ ያለው የዓሣ ወገን እጅግ ጥቂት ነው፦ ቀረሶ (ቲላፒያ) አንድ ዝርያ፣ አምባዛ አንድ ዝርያ፣ ሌላው አብዛኛው ከነጭ ዓሣው ዘመዶች። ተቀናቃኝ ስላልነበረ ሥራው ሁሉ ክፍት ነበር፤ አንዱ የወንዝ ዓሣ ዘር ገብቶ ተከፋፈለው።

ትምህርቱን እንዲህ ነው የምናደርገው። ሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች ራሱን ይጥሉታል። በዋዜማው ሄዳችሁ «ነገ ጠዋት የነጭ ዓሣ ራስ አስቀምጡልኝ፣ ዓይነቱ የተለያየ ይሁን» በሏቸው፤ ዓይነቱን ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ለ60 ተማሪ 10 ቡድን፣ ለቡድን ሦስት ራስ፣ በድምሩ 30 ይበቃል። በዚያ ላይ ሁለት ያልተገፈፈ ሙሉ ዓሣ ግዙ፤ አንድ ቀረሶና አንድ አፈ ሰፊ ነጭ ዓሣ። ጾም ላይ ዓሣ ስለሚወደድ ለሁለቱ የሚሆን ገንዘብ አስቀድማችሁ ያዙ። ፊሌቶ የሚያወጣው ልጅ ቢላዋውን ከስንጥብ ክዳኑ (ከመተንፈሻው ሽፋን) በስተኋላ እንዲያሳርፍ አደራ በሉት፤ በልማድ ሲቆርጡ ክዳኑን አብረው ይወስዱታል፣ ያኔ የራሱ ርዝመት አይለካም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ስድስት ሰዓት ላይ የዓሣ ሽታ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ተዝለፍልፈው ወጥተዋል። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት። በጾም አልነካም የሚል ልጅ ካለ ጸሐፊ ይሁን፤ ጓንትም ይኑር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ግን እንዳትገቡ፤ ያ ክርክር ከዳርዊን ይረዝማል።

እያንዳንዱ ቡድን በሚሊሜትር ማስመሪያ ሦስት ነገር ይለካል፦ የራሱን ርዝመት ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ስንጥብ ክዳኑ ጠርዝ፣ የተከፈተ አፉን ስፋት፣ የዓይኑን ስፋት። ከዚያ አፉንና ዓይኑን ለራሱ ርዝመት አካፍሎ በመቶ ያባዛል። ይህን ማካፈል የዘለለ መምህር ትምህርቱን ገደለው፤ ትልቅ ዓሣ ሁሉ ነገሩ ትልቅ ስለሆነ ሳያካፍሉ የሚለኩት ትልቅነትን እንጂ ቅርጽን አይደለም። አፉ ደርቆ አልከፈት ካለ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ቁጥሮቹ ሰሌዳ ላይ ሲሰባሰቡ ክፍሉ ዝም ይላል፤ «ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው» ያሉት ተበታትኖ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ የጉሮሮ ጥርስ። ከመጨረሻው ስንጥብ በስተኋላ ግራና ቀኝ ማጭድ የመሰለ አጥንት አለ፤ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡት። በሚያቃጥል ግን በማይፈላ ውኃ ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አቆዩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሥጋውን አራግፉ። ከፈላ ጥርሶቹ ይረግፋሉ። ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይሰነጠቃል። ዓሣ በል የሆነው ጥርሱ ቀጭን፣ ሹልና ጫፉ የታጠፈ ነው፤ ቀንድ አውጣና ጠንካራ ነገር የሚፈጨው ደግሞ ደንደን ያለ፣ መንጋጋ የመሰለ ነው። መጀመሪያ ጥርሱን ብቻ አሳዩና «ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሁለቱን ሙሉ ዓሣ አንጀት አውጡ። የቀረሶው እንደ ክር ተጠቅልሎ የሚወጣ ቀጭን፣ ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚሆን ነው፤ አልጌ በል ነውና ቶሎ አይፈጭለትም። የአፈ ሰፊው አጭር ነው። ሁለቱንም በክር ለክታችሁ ክሩን ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ያንን ክር ያየ ተማሪ ፈተና ላይ አይሳሳትም።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ መነሣቱ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ ያው ዓሣው ዓሣ ሆኖ ነው የቀረው።» ትክክል ነው፤ እመኑለት። ከዓሣው የምታገኙት ዘር እንዴት እንደሚከፋፈል ነው፤ ዓሣ ሰው መሆኑን ከዚህ አታሳዩም፤ እናሳያለን ካላችሁ ዋሽታችኋል። እንዲያውም የበለጠ ንገሩት፦ 15ቱ በጂን ሲታዩ በጣም ከመቀራረባቸው የተነሣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሙሉ ዝርያ ናቸው ወይስ መንገድ ላይ ያሉ በሚለው ተከራክረዋል። መለያየት ሲጀምር የሚመስለው እንዲህ ነው። ከፊሎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ገባር ከተራቡ መቀላቀላቸው ይቀንሳል። (በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘሩን ነው የሚያጠፋው፤ እንቁላል ያዘለ ዓሣ ለትምህርት ብላችሁም አትግዙ።)

የዕድሜው ጉዳይም በዓሣው በኩል ሲገባ ይለዝባል። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ16 ሺህ እስከ 18 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ዛሬም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ የማያልፍ፣ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ገበታ የመሰለ ሐይቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ መድረቁ አይገርምም። ቁጥሩ ከ7,517 ይበልጣል፤ ልጆቹ ወዲያው ያዩታል። እኔ አልከራከርም፤ ደለሉ እንዴት እንደሚነበብ አሳያለሁ። ንብርብሩን በጣታቸው የሚያሳዩኝ እነሱ ናቸው።

ሦስተኛው ዓምድ፣ ለውጡ በምን መንገድ ይመጣል የሚለው፣ የቦሎቄ ነው። 40 ነጭና 40 ቀይ ቦሎቄ ቀይ አፈር ላይ ይበተናል። አራት ልጆች «ወፍ» ሆነው 40 ፍሬ ብቻ እስኪቀር በፍጥነት ይለቅማሉ። የቀረው ተቆጥሮ እያንዳንዱ መሰሉን ይወልዳል፤ 12 ነጭ ከቀረ 24፣ 28 ቀይ ከቀረ 56 ይሆናል። ሦስት ዙር ይበቃል። አንድ ቦሎቄ እንኳ ቀለሙን አልለወጠም፤ ሕዝቡ ግን ተለወጠ። የሚያበላሸው ወፎቹ ቁጭ ብለው ተረጋግተው ሲለቅሙ ነው፤ ቆመው ጎንበስ እያሉ፣ በሩጫ ይሁን።

ከቦሎቄው ወደ ወባ ተሻገሩ፤ ወባ በሚበዛባቸው በፎገራና በደምቢያ ዘመድ የሌለው ልጅ የለምና። ክሎሮኪን የተባለውን መድኃኒት የሚችሉት፣ ፋልሲፓረም የሚባሉት የወባ ተሕዋስያን እየበዙ ሲሄዱ አገሪቱ መድኃኒት ቀየረች፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ገባ። የበለጠ የሚገርመው የፈጣን ምርመራው ነገር ነው። በስፋት ሲሠራበት የኖረው ምርመራ የሚፈልገው ተሕዋሱ የሚሠራውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ የጎደላቸው ተሕዋስያን ግን «ነፃ» ተብለው ያልፋሉ፣ ሰውየውም ሳይታከም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እነሱም ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉትን በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ አግኝቷል። ቦሎቄውን ወፍ ሳታየው ቀረች፤ ተሕዋሱን ምርመራው ሳያየው ቀረ። በዚህ ላይ ማንም ልጅ ተቃውሞ አያውቅም፤ ክርክሩ ከለውጡ ጋር ሳይሆን ከአዳም ጋር እንደነበር የሚገባቸውም እዚህ ነው።

ድንቅነሽ የምትመጣው አሁን፣ በመጨረሻው ሳምንት ነው። ከእሷ በፊት ግን ሰባት ቤት ቆጠራ። በእኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ሁሉም ያውቃል። ሰሌዳው ላይ ቆጥሩት፦ ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8፣ እያለ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ይሆናል። ሁለት ልጆች በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ እንበል። «ማን ከማን ተወለደ?» ስትሉ ይስቃሉ፤ ማንም ከማንም አልተወለደም፣ ከአንድ ሰው ወረዱ እንጂ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለው አባባል የአጎትህ ልጅ አያትህ ነው እንደማለት ነው። ቅርቡ ዘመድ ደግሞ ዝንጀሮ እንኳ አይደለም፤ ቺምፓንዚ ነው፤ እሱ በአገራችን ስለሌለ የራሳችን ስም አላወጣንለትም፣ ስለዚህ ሁሉንም «ዝንጀሮ» እንላለን። ከቺምፓንዚ ጋር የምንገናኝበት ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ አንዱን ትውልድ 25 ዓመት ብንል ስድስት ሚሊዮኑ 240 ሺህ ቤት ነው። ከዝንጀሮ ጋርማ ከ20 ሚሊዮን ዓመት ይርቃል።

ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ነበር። ስለ እሷ የሚታወሰው ዕድሜዋ ብቻ እንዳይሆን፤ ጉልበቷና ዳሌዋ በሁለት እግር እንደቆመች ይናገራሉ፣ የዘመዶቿ የራስ ቅል ግን አንጎላቸው ከቺምፓንዚ ብዙ እንደማይበልጥ ያሳያል። ቆሞ መሄድ ከትልቅ አንጎል ቀድሟል። «ዕድሜዋን በምን አወቁት?» ሲሏችሁ «በካርቦን» እንዳትሉ፤ ይህ በመምህራን ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። ካርቦን ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲያ አይሠራም። የሐዳሩ የተለካው ከአጽሙ በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በአርጎን ጋዝ ነው።

ከስልካቸው ይዘው የሚመጡትንም ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ዳርዊን ሞት አልጋ ላይ ተጸጽቶ ካደው የሚለው ወሬ እሱ በሞተ (እ.ኤ.አ. 1882) ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1915 የታተመ ነው፤ የዳርዊን የራሱ ልጆችም አስተባብለውታል። እውነት ቢሆን እንኳ የዓሣው ጥርስ አይለወጥም ነበር። የፒልትዳውን የራስ ቅል (የጥንት ሰው ቅሪት ነው የተባለው የሐሰት ቅል) ማጭበርበር ግን እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ቀረበ፣ በ1953 ተጋለጠ። ያጋለጡት ግን ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ሳትሸሹ ንገሩ፣ አመኔታ ታገኙበታላችሁ።

«ብርቱው ይኖራል» ወደሚለው ልመለስ። በዚህ ዘመን ይህ ዐረፍተ ነገር በልጆች አፍ ወደ ጎሣ ለመዞር አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። ባዮሎጂው «ብቁ» የሚለው ልጅ ተክቶ የሚያልፈውን ነው፤ ጉልበተኛውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ የታወቀ ስሌት የሰው ልጅ የጂን ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንጂ በሕዝቦች መካከል እንዳልሆነ አሳይቷል። ይህን ቁጥር ሳትናገሩ ምዕራፉን አትዝጉ።

ካህናትንና ወላጆችን ከነገሩ በኋላ ሳይሆን ከነገሩ በፊት አግኟቸው። ተማሪዎቻችሁ ከሚበዙበት ደብር አንድ አባት ዘንድ ሂዱ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ «አባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይህንን ላስተምር ነው፤ ልጆቹ ይነግሩዎታል፣ አስቀድመው ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው» በሉ። ፈቃድ አትጠይቁ፤ ሥርዓተ ትምህርት ነውና የሚፈቅዱት እሳቸው አይደሉም፤ ብትጠይቁ ለእሳቸውም ጭንቅ ነው። የሰማሁት መልስ አንድ ነበር፦ «አስተምር ልጄ። እመን ብለህ ግን አታስገድድ፤ ያ የእኛ ሥራ ነው፣ እኛም አናስገድድ።» ወላጅ መጥቶ «ልጄ ይህን ተምሮ ይጠፋል ወይ?» ሲል ዶብዣንስኪን አንሡ፤ የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ከጄኔቲክስ ጋር ካጋቡት አንዱ ሲሆን የኦርቶዶክስ አማኝ ነበር። ለወላጅ ማጽናኛ እንጂ ለክፍል ማስረጃ አታድርጉት። የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ልጆች እንዳሉም አትርሱ፤ «እናንተ እንደምታምኑት» እያላችሁ ሁሉንም በአንድ ማዕተብ አትሰሩ።

ፈተናው ላይ «ታምናለህ» ወይም «ትክክል ነው ብለህ ታስባለህ» የሚል ቃል አታስገቡ። «በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለት የጉሮሮ ጥርሶች ምን ያመለክታሉ?»፣ «ከሦስት ዙር በኋላ የነጩ ቦሎቄ ቁጥር ለምን ቀነሰ?» በሉ። አንድ ልጅ መልሱን በትክክል ጽፎ ከታች «እኔ ግን በፈጣሪዬ አምናለሁ» ብሎ ቢያክልበት ሙሉ ነጥቡን ስጡት፣ ከግርጌው ላይም ምንም አትጻፉ።

የጉሮሮ ጥርሶቹን አትጣሉ። በክብሪት ሣጥን ጥጥ አንጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ላዩ ላይ ቀኑን፣ የራሱን ርዝመትና የአፉን መቶኛ፣ የተገዛበትን ዳርቻ ጻፉ። እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስክሪብቶ በዓሣ ቅባት ይፈዛል። አንድ የናፍታሌን ፍሬ ካልጨመራችሁ ጉንዳን ይጨርሰዋል። አምስት ዓመት ሲጠራቀም 150 ሣጥን ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ጾም ላይ ዓሣ ቢወደድም ሁለቱን ሙሉ ዓሣ ብቻ ገዝታችሁ ትገባላችሁ።